የሹፌሩ ሳህን

በእኛ ቤት ሹፌር ከፍሎ አይበላም ነበር። ይህ እኔ ከመወለዴ በፊት የነበረ፣ ጊንጪ መንገድ ዳር ያሉ ምግብ ቤቶች ሁሉ የሚያከብሩት ወግ ነው። አውቶቡሱን በርህ ላይ ያቆመልህ ሹፌር ሙሉ አውቶቡስ የራበው ሰው ይዞልህ መጥቷል። ስለዚህ ተሳፋሪው ይከፍላል፣ ሹፌሩ ይበላል። አባቴ ኤጄታ ለሹፌሮች ለብቻው ያስቀመጠው ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ጎድጓዳ የብረት ሳህን ነበረው። ወጡ ከድስቱ መሃል ይቀዳለታል፤ ሥጋውም ይመረጥለታል። ደህና የበላ ሹፌር በሚቀጥለው ጊዜ ጎረቤት አይቆምም።

ኦቦ ሌታ መብላት ያቆመ ጊዜ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ዓይን አፋር ልጅ ነበርኩ። ከባንኮኒው ኋላ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። እንግዳ ሲያናግረኝ አንገቴን እደፋለሁ፤ ዞር ሲል ግን ጫማውን፣ አበላሉን፣ ማንን ገልመጥ እንዳደረገ ሁሉ አያለሁ። ኦቦ ሌታ ከነቀምት አዲስ አበባ የሚመላለስ፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጣላ፣ ሳቁ ከጡሩምባው የሚበልጥ ሰው ነበር። አንድ ማክሰኞ ገብቶ ሻይ ብቻ አዘዘ።

«ዛሬስ ጾም ነኝ» አለ።

ሁለት ነገር ገረመኝ። አንደኛ፣ ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንቱ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን እንኳን ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ይህንን እናቴ ያስተማረችኝ ገና ስሜን ሳልጽፍ ነው። ሁለተኛ፣ ኦቦ ሌታ ጴንጤ ነው፤ ሁዳዴን እንኳ ሲገድፍ ያየነው ሰው ነው።

አባቴ ግን አልገረመውም። ሰማያዊውን ሳህን አወጣ፣ እንደ ወትሮው ከድስቱ መሃል ቀዳ፣ ሥጋውን መረጠ፣ በላዩ ሌላ ሳህን ደፋበት፣ በዘንቢል አድርጎ በጓሮ በር ወጣ። አባቴ በሕይወቱ አንድ ብርጭቆ እንኳ ከጠረጴዛ አንስቶ የማያውቅ ሰው ነበር።

በሚቀጥለው ጊዜ ኦቦ ሌታ «ሆዴን አሞኛል» አለ። ከዚያ ደግሞ ከአምቦ የመጣ ሌላ ሹፌር «ቤቴ በልቼ ነው የወጣሁት» አለ። ሳህኑ በየቀኑ በጓሮ በር ይወጣል፤ ባዶውን ይመለሳል።

እንግዲህ የሚበላው ማን ነው?

ያኔ በ1978 ዓ.ም. የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ አባት ምግብ ደብቆ የሚወስደው የት እንደሆነ ግን የጊንጪ ልጅ ሁሉ ያውቃል። መንገድ ዳር ያለ ከተማ ነው፤ ስለ ሁለት ጎጆ የማይወራበት ቀን የለም። ጎረቤታችን ባየሽ ባሏ ጌዶ ላይ ሁለተኛ ቤት እንዳለው የሰማች ዕለት ልብሷን በነጠላ ቋጥራ፣ ልጆቿን ደጃፍ ላይ ጥላ ወደ እናቷ አገር ተሳፍራለች። የመጨረሻዋ ልጇ አውቶቡሱን እየተከተለች ስትሮጥ አይቻለሁ። እኔ የምፈራው ያንን ነበር። እናቴ ካወቀች ትሄዳለች። ስለዚህ እናቴ ማወቅ የለባትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከእህል ጆንያዎቹ መሃል ተጋድሜ ሳለ አባቴና ባለወፍጮው ኦቦ ፈየራ ወደ ጓዳ ገቡ። ኦቦ ፈየራ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሽማግሌ ናቸው።

«የእኔዎቹ ሱሪያቸው አጠረ» አሉ። «ወንድ ልጅ ቶሎ ይመዘዛል።»

«የእኔዋ ደግሞ ብርድ አንቀጠቀጣት» አለ አባቴ። «ከቤት አንድ ነገር ፈልጌ አወጣላታለሁ።»

«ስምህን ሰጠሃት?»

«ሰጠኋት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ብቻ ዱሬቲ እንዳትሰማ። የልጅ አፍ ወንፊት ነው።»

ወንፊት መባሌ ሳይሆን «የእኔዋ» ያለበት ድምፅ ነው ያመመኝ። እኔን እንዲያ ብሎ የሚጠራኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ቀዩ ሹራቤ ከሳጥን ጠፋ። ጠቦኛል፤ ግን የእኔ ነው።

«እማዬ፣ ቀዩ ሹራቤስ?»

«አይጥ በልቶት ጣልኩት» አለች እናቴ ወርቅቱ፣ ዓይኗን ከሽንኩርቱ ሳታነሳ።

ምስኪን፣ እሷንም አታልሏታል አልኩ በሆዴ። አይጥ ሹራብ በልቶ ጨርሶ ክር ሳያስቀር እንደማይሄድ፣ እናቴም ደግሞ ጨርቅ ጥላ የማታውቅ ሴት መሆኗን ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ያሰብኩት ዘግይቼ ነው።

ሹራቡን ያገኘሁት ክፍል ውስጥ ነው። መምህራችን አዲስ ተማሪ ይዘው ገቡ፤ ቀጭን፣ ፀጉሯ ባጭሩ የተላጨ ልጅ። ክርኑ ላይ እናቴ በጥቁር ክር የጠቀመችው ቀይ ሹራብ ለብሳለች።

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከካቺሲ።»

«ስምሽ?»

«ጉዴ።»

«ጉዴ ማን?»

ልጅቷ ጣሪያውን አየች፤ መሬቱን አየች። በቃሏ ያጠናችውን እንደምትፈልግ ሁሉ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «ጉዴ ኤጄታ።»

«ኧረ ዱሬቲ፣ እህትሽ መጣችልሽ!» ብሎ ከኋላ አንዱ ጮኸ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኤጄታ የሚባል ሰው በየመንደሩ አለ፤ ልጆቹ ቀልዳቸውን ነው። እኔ ግን ክርኗን እያየሁ ነበር።

ሰው የገዛ አባቱን ስም ለማስታወስ እንዲያ አይቸገርም። ይህንንም ያን ቀን አላስተዋልኩም፤ ያፈረች መሰለኝ። አጥብቄ ስጠረጥር የነበርኩት እኔ፣ ልጠረጥረው የሚገባኝን ሁሉ አልፌዋለሁ።

በማግስቱ አባቴን ተከተልኩት። ዘንቢሉን ይዞ በወፍጮ ቤቱ ኋላ ዞረ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ቤት ገባ። ቤቱ የሲስተር ሲንቄ ነው። ጤና ጣቢያ መርፌ የምትወጋን፣ ያላገባች፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ ሴት። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሲስተር ሲንቄ ሳህኑን ገለጠች። አባቴ እንጀራ ቆረሰ፣ በወጡ አጠቀሰ፣ ጠቀለለ፣ ጉዴን በእጁ ጠራት።

«ኮቱ፣ ኢንታለ ኮ» አላት። ነይ ልጄ።

አጎረሳት። እሷም ጉርሻው ተልቆባት ዓይኗ ፈጦ ስትታገለው፣ አባቴ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ።

በዚያ ግቢ ሌሎችም ልጆች ነበሩ። ከመጋረጃው ኋላ የትምህርት ቤት ደብተራቸውን ዘርግተው የሚያነቡ፣ ወገባቸውን አስረው እንጨት የሚፈልጡ ጎረምሶች። እንደነበሩ አሁን አውቃለሁ። እኔ ያየሁት ግን አንድ ጉርሻ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ሲነካኝ እሸሻለሁ። እራት ሲያጎርሰኝ አፌን እዘጋለሁ። «ምን ሆነች ይቺ ልጅ?» ይላል፤ እናቴ «ወስፋት ይሆናል» ትለዋለች። ሌሊት ሌሊት እናቴ አጠገቤ መኖሯን በእጄ እየዳበስኩ አረጋግጣለሁ።

ጓድ ተሻለ የመጣው በገበያ ቀን ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር፤ ካኪ ኮቱን የማያወልቅ፣ ስኳር የሚያድል፣ ልጆችን ወደ ጦር ሜዳ የሚልክ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኦቦ ሌታ ሻዩን ይዞ ጥግ ተቀምጧል፤ ኦቦ ፈየራ በሩ አጠገብ። ጓድ ተሻለ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ አስከትሎ መሃል ላይ ተቀመጠና ምግብ አላዘዘም።

«ኤጄታ፣ እስቲ ና ቁጭ በል። ሹፌሮችህ መብላት አቁመዋል አሉኝ።»

«ሹፌር ሆዱ አይታወቅም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ይሁን። ያቺ ሲንቄ ቤት የተጠራቀሙት ወጣቶች የማን ናቸው?»

«የዘመዶቿ ልጆች ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ስማ። የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ሲታሸግ የሙት ልጆቹ ማደሪያም አብሮ ታሽጓል። ልጆቹ ግን አልተበተኑም፣ አልራባቸውምም። ዱቄት ከአንዱ፣ ወጥ ከሌላው ይደርሳቸዋል። ነጋዴ ተደራጅቷል ማለት ነው። ያለ ቀበሌ የተደራጀ ነገር ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ከመሃላቸው ለብሔራዊ ውትድርና የደረሱ ወንዶችም አሉ።»

ተመጋቢው ሁሉ እጁን ከሳህኑ አነሣ።

«ጉዴ የምትባለዋ ደግሞ በአንተ ስም ነው ትምህርት ቤት የገባችው» አለ ጓድ ተሻለ።

አባቴ መለሰ፦ «ጉዲፈቻ ናት።»

«እኔ እኮ እዚሁ ደንዲ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ!» ጓድ ተሻለ ጠረጴዛውን በእጁ መታ። «ጉዲፈቻ ወግ አለው። ይደገሳል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ልጅቷ አሳዳጊዋ ቤት ትገባለች። ያንተዋ ለምንድነው ሌላ ሴት ቤት የምታድረው? ማነው ድግሱን የበላው? ወርቅቱ ናት አቅፋ የተቀበለቻት?»

አባቴ ዓይኑን ወደ ጓዳው በር ጣለ። ጥበቃው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እንግዲያው ተነስ። ጣቢያ እንጨዋወታለን።»

ጣቢያ የገባ ሰው ሁሉ አይመለስም ነበር። በዚያች ቅጽበት በጭንቅላቴ የነበረው ይህ ብቻ ነው፦ አባቴ እውነቱን ቢናገር ይተዉታል፤ የማይናገረው እናቴን ፈርቶ ነው። እኔ ብናገር እናቴ ትሄዳለች። ዝም ካልኩ እሱ ይሄዳል።

በሕይወቴ በዚያ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ከበርጩማዬ ወረድኩ።

«እዚያ የምታድረው ሲስተር ሲንቄ እናቷ ስለሆነች ነው» አልኩ። «ጉዴ የአባቴ ልጅ ናት።»

የአንድ ሰው ማንኪያ ወደቀ። አባቴ ዞሮ አየኝ። እኔ ግን እሱን አልነበረም የማየው። የጓዳውን በር ነበር።

እናቴ ቢላዋና ሽንኩርት እንደያዘች ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። አንድ ጊዜ አባቴን አየች፣ አንድ ጊዜ ኦቦ ፈየራን፣ ከዚያ እኔን ረዘም አድርጋ። ቢላዋውን ባንኮኒው ላይ ወርውራ ራሷን ያዘች።

«ወይኔ! ወይኔ ወርቅቱ! ደስ አለህ አሁን ተሻለ? በገበያ መሃል ውርደቴን ልታሰጣ ነው የመጣኸው? ካቺሲ እህል ልገዛ እያለ ዓመቱን ሙሉ የተመላለሰው ለእህል መሰለህ? ሲንቄ እዚያ ነበር የምትሠራው! ታዲያ ልጅቷን ቤቴ ላስገባት? አልጋዬ ላይ ላስተኛት? ስሙን ሰጣት፤ እኔም እንዳላወቀ ዋጥኩት! ንገረኝ፣ ይህም የቀበሌ ጉዳይ ነው?»

«ወይዘሮ ወርቅቱ፣ ማሎ እባክሽ፣ እኔ እኮ...» ጓድ ተሻለ ብድግ አለ። ጠመንጃ ያለው ሰው በምታለቅስ ሴት ፊት እንዴት እንደሚያንስ ያን ቀን አየሁ።

ከወደ ጥግ ኦቦ ሌታ ነበር የጀመረው። «በየመንገዱ ልጅ ይዘራሉ እየተባለ የምንታማው እኛ ሹፌሮች ነን! ለካ የሚዘራው እኛ አይደለንም፣ ከበሩ የማይነቃነቀው ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያኔ ኦቦ ፈየራ በዱላቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። ልጆች የዳሩ፣ የቤተ ዘመድ ዳኛ የሆኑ ሰው ናቸው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዛሬ የንስሐ ቀን ከሆነ እንግዲህ እኔም ልናገር። እዚያ ቤት ካሉት ሁለቱ ጎረምሶች የእኔ ናቸው። እናታቸው በሕይወት የለችም። ሲንቄ አደራ ተቀብላ ነው የምታኖርልኝ። ሚስቴ በደም ግፊት የምትሰቃይ ናት፤ አደራህን፣ ወፍጮ ቤት በር ላይ እንዳታስነግርብኝ።»

ሳቁ ቆመ፤ ከዚያ የባሰ ፈነዳ። ጓድ ተሻለ አንድ ጊዜ ኦቦ ፈየራን፣ አንድ ጊዜ አባቴን አየ። አምኖ ይሁን አፍሮ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባርኔጣውን አነሣና «ጉድ ነው! የጊንጪ ሽማግሌ!» እያለ ወጣ። ጥበቃው በሩ ጋ ሲደርስ ፊቱን አዙሮ ሲስቅ አየሁት።

አባቴ ወደ እኔ መጣ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እጁን ራሴ ላይ አሳረፈና ቆየ። ከሥሩ ወጥቼ ወደ እናቴ ሮጥኩ፤ ቀሚሷን ይዤ «አትሂጂ፣ አትሂጂ» አልኳት።

«የት ነው የምሄደው?» አለች፤ ሽንኩርቷን ካቆመችበት ቀጠለች።

አልሄደችም። ይህ ነው ይበልጥ ግራ ያጋባኝ። በማግስቱ ሰማያዊውን ሳህን ራሷ ሞላች፤ ሥጋውን መረጠች፤ ለእኔ ሰጠችኝና «ለእህትሽ አድርሺላት» አለችኝ። በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊት በር። ገበያተኛው እያየኝ አለፍኩ። ሰዎች አንዳንዶቹ «ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት!» አሉ፤ ሌሎቹ «ድግምት አዙሮባታል» አሉ። የተደበቀ ነገር አለ የሚል አልነበረም፤ ጉዱ ፊት ለፊት በር ላይ ይመላለሳላ።

የነፍስ አባታችን ወሬው ደርሷቸው አባቴን ጠሩት። ከነጋታው ጀምሮ አባቴ ማልዶ እየተነሣ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይሰግድ ነበር። ጉልበቱ አብጦ ሲመለስ እናቴ ፊቷን አዙራ በለብ ያለ ውሃ ታሸዋለች። ይበለው እል ነበር። ላልሠራው ኃጢአት የተሰጠውን ስግደት አንድም ሳያጓድል ጨረሰው። ለቄሱ እንኳ አልነገረም።

ሲስተር ሲንቄን ማንም አልጠየቃትም። አምቦ የሚያስተምር አንድ መምህር ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ ነበር አሉ፤ ያን ክረምት ሽማግሌዎቹ ሳይመለሱ ቀሩ። ጤና ጣቢያ ስትወጋኝ መርፌውን ሆን ብላ የምታጠብቅብኝ ይመስለኝ ነበር። እጇ ግን እንደ ድሮው ለስላሳ ነበር።

በ1983 ደርግ ወደቀ። የጸሎት ቤቱ ማሸጊያ ተነሣ፤ የልጆቹ ማደሪያ በር ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ። በመክፈቻው ቀን ኦቦ ፈየራ ዱቄት በጋሪ አስጭነው በአደባባይ አመጡ፤ ኦቦ ሌታ የአውቶቡሱን ጡሩምባ እየነፋ ግቢ ድረስ ገባ። አንድ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ወጣት ተነሥቶ «እኔ የኦቦ ፈየራ ልጅ ነኝ» ሲል የሕዝቡ ሳቅና እልልታ ተቀላቀለ። የኦቦ ፈየራ ሚስትም እልል ካሉት አንዷ ነበሩ። እኔ አልሳቅኩም። ወደ እናቴ ዞሬ በጆሮዋ «ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ሹራቡን ማን የሰጠው መሰለሽ?» አለችኝ።

ወደ አባቴ የመጣሁት ማታ ነው። ሒሳቡን ዘግቶ ቁጭ ብሏል። ልጅነቴን ሙሉ ካጠራቀምኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ማውጣት ቻልኩ። «ጉዴ ልጅህ እንዳልሆነች ለምን አልነገርከኝም?»

ቅር ያለው መሰለ። «ስሜን ሰጥቻታለሁ» አለኝ። «ልጄ ናት። ድግሱ ነው የቀረ።»

አባቴ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ተዝካሩ የወጣው እዚያው ጊንጪ፣ በድሮው ቤት ነው። ጉዴ ከካቺሲ መጣች፤ አሁን እዚያ አስተማሪ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከእኔ ጎን ከልጆች ተርታ ተቀመጠች፤ እንግዳውም እኩል «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለን። እንጀራ ስትቆርስ እንደ እሱ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፋ ነው። ከእሱ እያየች እንደለመደችው አውቃለሁ። ቢሆንም ሰው ሳያየኝ አገጯን፣ ጆሮዋን ሰረቅ አድርጌ አያለሁ። በልጅነት የገባ ጥርጣሬ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም።

ኦቦ ሌታ በከዘራ ነበር የመጣው። ሆዱ የለም፤ ሳቁ ግን አለ። እናቴ ያንን ጠርዙ ሰማያዊ ሳህን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ሞልታ አቀረበችለት። ከማደሪያው የመጡ ልጆች ድንኳኑ ጀርባ፣ ጓሮው ላይ ውሃ እየቀዱ ያግዙ ነበር። ኦቦ ሌታ በድንኳኑ ቀዳዳ አየት አደረጋቸው፤ ሳህኑን በሁለት እጁ ገፋ አደረገው።

«ዛሬስ ጾም ነኝ» አለ።

ሃምሳው ገና አልወጣም ነበር። ጉዴ አየችኝ፤ አየኋት። ተነሥቼ ሳህኑን ያዝኩና በጓሮው በር ወጣሁ።